በግራም የተመዘነ ሌንስ

የዛሬ ወር ገደማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ የካሜራ ሌንስ ይዤ ወርቅ ቤት ገባሁና አስመዘንኩ።

በስህተት ያነበባችሁ እንዳይመስላችሁ ልድገመው፤ ሌንስ፣ ወርቅ ቤት፣ አስመዘንኩ። ይሄን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አራዳ ተወልጄ አራዳ ያረጀሁ፣ «ፋራ» የሚለውን ስም ለመጪ ለሂያጁ ሳድል የኖርኩ ሰው። ስም ማደል ደግ ነው። ክፋቱ ከረጢቱ ሲራገፍ አንዱ ለአዳዩ መትረፉ ነው።

የወርቅ ቤቱ ባለቤት ተካ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጀመሪያ ሌንሱን አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ለሁለታችንም ያዘነ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሌንስ ነው። መዝንልኝ።»

«ወርቅ አለበት እንዴ?»

«የለበትም። ክብደቱን ብቻ ነው የፈለግሁት። ይቺንም መዝናት፣ ላስተያያቸው ነው» ብዬ ከኪሴ ሌላ ትንሽ ሌንስ አወጣሁ።

ተካ የአባቱ ልጅ ነው፤ ደንበኛ ሲያብድ ዝም ብሎ ማገልገል ያውቃል። ትንሿን ሚዛን ላይ አስቀመጣት፤ የጥቂት አምባሮች ያህል መዘነች። ትልቁን ሲያስቀምጥ ግን ሚዛኑ ቁጥር መጻፉን ትቶ ሰረዝ ብቻ አሳየ።

«ከአቅሙ በላይ ነው ጋሼ» አለ ተካ፤ «ይሄ የሐብልና የቀለበት ሚዛን ነው።»

ጆሮዬ የሰማው ሌላ ነው። የተካ ሚዛን የሙሽራ ሙሉ ጌጥ ተሸክሞ የሚቆም ሚዛን ነው። እሱ ያቃተውን ሌንስ ፈለቀ እንዴት እንደሚችለው እናያለን አልኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ፈለቀ ማነው? ጎረቤቴ ነው፤ እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ አንድ አጥር እንጋራለን። እንደ እኔ ጡረታ ወጥቷል፤ እንደ እኔ ሰባን ተሻግሯል፤ እንደ እኔ ግን ራሰ በራ አይደለም። ይሄን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። በወጣትነታችን ውቤ በረሃ ሙዚቃ ሲጀመር ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነበር። ቀድሞ የሚነሳ ሰው ደግሞ ኮቱን የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ኮት ያዥ ማን እንደነበረ እዚህ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው። እንግዲህ ሚስቱ ካረፈች በኋላ ልጆቹ ብቸኝነት እንዳይሰማው ብለው ካሜራ ገዙለት። እሱ ብቸኝነቱን ረሳ፤ እኔ ሰላሜን አጣሁ።

ነገሩ የጀመረው ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነቡ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ባስነሱ ዕለት ነው። ፈለቀ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሰው መሃል ሲመላለስ ዋለ። እኔ ከባለቤቴ ከአጸደ ጎን፣ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ፣ በምወዳት ግራጫ ኮቴ ተቀምጬ ጥብሴን እየበላሁ ነበር። ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን አጥሩን ዞሮ መጣና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ለአጸደ ሰጣት። ፎቶ ነው፤ ፍሬም የገባ።

እውነቱን ልናገር፤ ደህና ፎቶ ነው። ይቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ከአፌ ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አንድዬ ያውቃል። አጸደ ነጠላዋ ከትከሻዋ ትንሽ ሸርተት ብሎ፣ ፊቷን ዞር አድርጋ ፈገግ ብላለች። ዓይኗ፣ የጆሮ ጉትቻዋ፣ የጸጉሯ ነጭ ዘለላ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከኋላዋ ያለው ዓለም ግን ጠፍቷል፤ ጭጋግ ሆኗል። በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ ግራጫ ጭጋግ ከሌላው ጭጋግ ወፈር ብሎ ይታያል።

ያ ጭጋግ እኔ ነኝ።

አጸደ ፎቶውን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። «ይቺ እኔ ነኝ?» አለች።

«ሌላ ማን ትሆናለች» አለ ፈለቀ።

ይሄን መልስ እኔ ልመልስ አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደመኝ። ድሮም ይቀድመኛል።

ሳሎናችን ውስጥ አንድ ዋና ምስማር አለ፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ እንግዳ ገና ጫማውን ሳይጠርግ ዓይኑ የሚያርፍበት። እዚያ ላይ ጡረታ ስወጣ ከአለቃዬ ምስክር ወረቀት ስቀበል የተነሳሁት ፎቶ ነበር። አጸደ ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችኝ።

«ምነው?» አልኳት።

«አንተ እዚህ ቤት በአካል አለህ። ፎቶህ ምን ያደርጋል?» አለችና በእኔ ቦታ ራሷን ሰቀለች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንግዳ በዛ። የመጣ ሁሉ ቀና ብሎ ያይና «ውይ አጸደ፣ እንዴት አምሮብሻል፤ ማን አነሳሽ?» ይላል። «ፈለቀ» ትላለች። ስሙን ስትጠራ ትንሽ ታስረዝመዋለች፤ ወይም ለእኔ ጆሮ ይረዝማል። አንዷ ዘመዷ እንዲያውም ወደ ፎቶው ጠጋ ብላ «ከኋላሽ ያለው ግራጫው መጋረጃ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ባለቤቴ ነው» አለች አጸደ፣ ዳቦ እየቆረሰች።

በማግስቱ ፈለቀን አጥር ላይ ያዝኩት። «እኔን ምን አድርገህ ነው ያጠፋኸኝ?» አልኩት።

«ትኩረቴ እሷ ላይ ስለነበረ ነው» አለኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ የሰው ባል ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሳይፈራ።

የዚያን ዕለት ማልኩ። ካሜራ ይዤ አጸደን ራሴ አነሳታለሁ፤ የፈለቀን ሥራ ከዚያ ምስማር ላይ አውርጄ የራሴን እሰቅላለሁ። እንግዳ «ማን አነሳሽ?» ሲል «ባሌ» እንድትል አደርጋለሁ። ሰው በዚህ ዕድሜው ስለ ነፍሱ ያስባል፤ እኔ ስለ ምስማር ማሰብ ጀመርኩ።

ካሜራው ችግር አልነበረም። ሰርግ እየቀረጸች የምትተዳደር የወንድሜ ልጅ አዲስ ገዝታ አሮጌውን ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ ሌንስ የለውም፤ አካሉ ብቻ ነው» አለችኝ። ከፊቱ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ሌንስ የሚገባበት። ቀዳዳውን ሳየው ዓይኑን የተነጠቀ ሰው መሰለኝ። እንግዲህ ዓይን መግዛት የእኔ ፈንታ ሆነ።

ስለ ሌንስ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። እሱን መጠየቅ ደግሞ ሞቴ ነው። ስለዚህ በብልሃት ጠየቅሁት።

«ፈለቀ፣ አንድ ወዳጄ ሌንስ ሊገዛ ነው» አልኩት በአጥሩ ላይ።

«ወዳጅህ ምን ሊያነሳ ነው?»

«ሰው።»

«የት?»

«ቤት ውስጥ።»

«እንግዲያው ሃምሳ የምትባለዋን ይያዝ። ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ ርካሽ ናት። አታቀርብም፣ አታርቅም፤ ለሰው ፊት ግን እሷን የሚያህል የለም» አለ። ከዚያ «ራሰ በራ ነው ወዳጅህ?» ብሎ ጨመረ።

ይሄን እንዳልሰማሁ አልፌ «አንተ አጸደን ያነሳኸው በምንድነው?» አልኩት።

«በሃምሳ» አለኝ።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ቢሆን ሄዶ ሃምሳን ይገዛል፤ ወጉም እዚህ ያልቃል። ቅናት የገባበት ጭንቅላት ግን እንደ ፒያሳ መንገድ ነው፤ ቀጥ ብለህ ትጀምራለህ፣ ሳታውቀው ዞረህ የተነሳህበት አደባባይ ላይ ትገኛለህ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ለመሆኑ ሰው የጦሩን ስም ለባላንጣው ይነግራል? አይነግርም። ፈለቀ ትንሽ ካለኝ ትልቅ ነው። ቀላል ካለኝ ከባድ ነው። ርካሽ ካለኝ ደግሞ አለቀልኝ፣ ውድ ነው። አራዳን አራዳ አይሸውደውም፤ አራዳ የሚሸወደው በራሱ ነው። የመጨረሻዋን የተረዳኋት ግን ኋላ ነው።

በዚህ ዝግጅት ነው ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ መውረጃው ላይ ያለው የነስሩ ካሜራ ሱቅ የገባሁት። ነስሩ ሱቁን ከአባቱ የወረሰ፣ ሳቅ የማይለየው የጉራጌ ልጅ ነው። አባቱን አውቃቸው ነበር፤ ፎቶ በፊልም በነበረበት ዘመን ፊልም ይሸጡ ነበር። ካሜራዬን አገላብጦ ካየ በኋላ ለእሱ የሚሆኑ ሁለት ሌንሶች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። አንዷ ሃምሳ ናት፤ የሻይ ብርጭቆ ግማሽ የምታህል ፕላስቲክ። ሁለተኛው የጥይት ቀለህ የመሰለ፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ ከሰባ እስከ ሦስት መቶ የሚባል።

ይሄኛው ነው አልኩ በልቤ። የጦሩ ስም ተገኘ።

«አባባ፣ የሚያነሱት ምንድነው?» አለኝ ነስሩ።

«ባለቤቴን።»

«ውጭ አገር ናቸው?»

«እዚሁ ናት። እሪ በከንቱ።»

ነስሩ ራሱን አከከ። «አባባ፣ ወላሂ ብገላገለው ደስታዬ ነው፤ ለመሸጥ ነው የቆምኩት። ግን ይሄ ለሩቅ ነው፤ ለወፍ፣ ለኳስ ሜዳ። ለቤት ውስጥ ሃምሳዋን ይውሰዱ።»

አያችሁት? ይሄም ሃምሳ አለኝ። ፈለቀ ቀድሞ እዚህ ደርሷል አልኩ። ነስሩን ሳይቀር በእጁ አስገብቶታል።

ፒያሳ ያደገ ሰው ደግሞ ዕቃ የሚመርጠው በዓይኑ ሳይሆን በመዳፉ ነው። ከወርቅ ቤቶቹ መስታወት ሥር ነው ያደግነው። ቀለበት ሲገዛ፣ ሐብል ሲሸጥ፣ ቃል ሲዋዋሉ እንኳ ቀድሞ የሚጠየቀው ክብደቱ ነው። የከበደ እውነት ነው፤ የቀለለ ሞኝ ፈላጊ ነው። ሁለቱን በሁለት እጄ ያዝኩና ዓይኔን ጨፍኜ ከፍ ዝቅ አደረግኋቸው። መዳፌ ፈረደ። ግን ይግባኝ ሰሚም አለ ብዬ ካሜራዬን ነስሩ ጋ አስይዤ ሁለቱን ሌንስ ይዤ ወደ ተካ ሄድኩ። የተካ ሚዛን ምን እንዳለ ነግሬያችኋለሁ።

ስመለስ ተከራከርን። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ እንደ ወጉ «ምራቂስ?» አልኩት። ምራቂ ሳይቀበል ከሱቅ የወጣ ሰው ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን ቀና ብሎ አያይም። ነስሩ አሰብ አደረገና ትንሿን ሃምሳ ወደ እኔ ገፋ አደረጋት። «እሺ አባባ፣ ጥቂት ነገር ይጨምሩበትና ይቺንም ይያዟት። ያረጀች ናት፣ አትጠቅመኝም።»

«ለምራቂ ቀላል ዕቃ አልቀበልም» አልኩ። በምትኩ አንድ የአንገት ማንጠልጠያና የመስታወት መጥረጊያ ጨርቅ ተቀብዬ፣ አሸናፊ ሆኜ ወጣሁ። ሳሩን ያየው በሬ እንኳ ገደሉን ላያይ ይችላል፤ እኔን ግን ገደሉ ራሱ «አባባ፣ ገደል ነኝ» ብሎኝ ነበር።

ቤት እንደደረስኩ አጸደን ነጠላ አልብሼ፣ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

«ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ፊቷ ቆሜ ካሜራውን ደገንኩባት። ጭጋግ። ሌንሱ ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ሄደ፣ እንደ ሕመምተኛ አቃሰተና ተወው። አንድ እርምጃ ወደኋላ ብል የባሰ ጭጋግ። ጀርባዬ ከቁም ሳጥኑ ጋር ሲላተም አንድ ቅንድብ ታየኝ። ጥሩ ቅንድብ ነው። ትንሽ ዝቅ ሳደርገው አፍንጫ መጣ። የአጸደን አፍንጫ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የኖርኩት፤ እንዲህ ሰፊ አገር መሆኑን ግን ያን ዕለት ነው ያየሁት።

ነስሩ «የሌንሱን ቀለበት ወደ ሰባ ካዞሩት ሰፋ ይላል» ብሎኝ ነበር። ለሦስት መቶ ከፍዬ በሰባ ላነሳ? ሙሉ በግ ገዝቶ ጆሮውን መብላት ማለት አይደለም እንዴ? እንቢ አልኩ። ቦታ ነው ያነሰው እንጂ ሌንሱ ምንም አልሆነም አልኩ።

ስለዚህ ቦታ ፍለጋ ወጣሁ። ግቢያችን እንደ ሰፈሩ ግቢ ሁሉ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ከሳሎኑ በር እስከ መንገዱ በአንድ መስመር ይታያል። የአጸደን ወንበር ወደ በሩ ሳብኩት፤ የሳሎኑን በር ከፈትኩ፤ የግቢውን በር ከፈትኩ፤ የተሰጣ ልብስ ወደ ጎን ሰበሰብኩ፤ ወደኋላዬ እየሄድኩ ግቢውን ጨረስኩ፤ መንገዱን ተሻገርኩ፤ ከወዲያኛው ግንብ ጋር ተጣብቄ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ኮፍያዬን ወደኋላ አዞርኩ። አየሁ። አጸደ ሙሉዋን፣ ከነወንበሯ፣ ገባች። በባዶ ዓይኔ ሳያት አውራ ጣት ታህላለች።

ችግሩ አትሰማኝም። ስልክ ደወልኩላት።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ። ቀና በይ።»

«የት ነህ?»

«ፊት ለፊትሽ። አገጭሽን ቀና፣ ፈገግ።»

«ለማን ነው ፈገግ የምለው?»

እውነቷን ነው። ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር ደግሞ መሃላችን ሰው ያልፋል። ጄሪካን የተሸከመ ትከሻ አነሳሁ። ጥላ አነሳሁ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ግማሽ ጉንጭ እጅግ በሚያምር ሁኔታ አነሳሁ።

በዚህ ላይ ሳለሁ ከጀርባዬ አንድ ሰው በሹክሹክታ «ልጄ፣ ለካኝ ነህ?» አለኝ። «በዚያኛው በኩል ብቻ ነው ወይስ ወደኛም ይመጣል?»

ዞር ስል ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው። በእኛ ሰፈር በዚህ ጊዜ ወደ ቤት አነጣጥሮ በአንድ ዓይኑ የሚያይ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ ቤት ለልማት ሊያፈርሱ ከሚለኩት ሰዎች አንዱ ነው። ሴትዮዋ ፊቴን ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እርስዎ ነዎት? ምነው፣ ጡረታዎ አልበቃ ብሎ እርስዎም ከለካኞቹ ገቡ?»

«አይደለም ወይዘሮ ዘነቡ። አጸደን ፎቶ እያነሳሁ ነው።»

«አጸደ የት አለች?»

«ሳሎን።»

ወይዘሮ ዘነቡ መንገዱን አዩ፣ ግቢውን አዩ፣ በሩ ላይ ያለችውን አውራ ጣት አዩ። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ውስጥ አጸደ «አሁንስ ሰለቸኝ፤ ልነሳ ነው» ስትል ሰሟት። ፊታቸው ተለወጠ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

አንድ ሽማግሌ ከግቢው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቤት ካለች ሚስቱ ጋር በስልክ ሲነጋገር ያየ ያገሬ ሰው ምን ይላል? አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው። ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ዘነቡ የእድራችንን ዳኛ አቶ በላይን አስከትለው መጡ። ከአቶ በላይ ኋላ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ የሽማግሌ ፊት አድርጎ የመጣው ማን ነው? ፈለቀ።

«ተነስ ወንድሜ» አሉኝ አቶ በላይ ክንዴን ይዘው። «ትዳር ውስጥ የማይነሳ ነገር የለም። ሰው ቤቱን ጥሎ መንገድ ላይ አይቀመጥም።»

«አቶ በላይ፣ አልተጣላንም።»

«እሱማ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አሉ።

ሽማግሌ ዘንድ ይሄ ክፉ ነገር አለ። አልተጣላሁም ያልክ እንደሆነ በጣም ተጣልተሃል። ሳቅህ እንደሆነ ልብህ ደንድኗል። ዝም ካልክ ደግሞ ቂም ይዘሃል። ከእጃቸው የሚያወጣህ ጥል ብቻ ነው፤ ከሌለህ ፈልገህ ታመጣለህ። እያዋከቡ ቤት አስገቡን፤ እኔን በአንድ ወገን፣ አጸደን በሌላ ወገን አስቀመጡ። ሦስቱ መሃላችን፣ ከዋናው ምስማር ሥር ተደረደሩ።

«አጸደ፣ ልጄ፣ ምንድነው የበደለሽ?» አሉ አቶ በላይ።

ባለቤቴን አውቃታለሁ። ዓይኗ ውስጥ ነገር ገባ። የተገኘ ሽማግሌ በከንቱ እንዲመለስ የምታደርግ ሴት አይደለችም።

«እንግዲህ ከተነሳ አይቀር» አለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ። «ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ አስቀምጦኛል። መጀመሪያ ቅንድቤን አየ፣ ቀጥሎ አፍንጫዬን አየ፣ ከዚያ ምን እንዳስቀየመው አላውቅም፣ እያየኝ ወደኋላው እየሸሸ ከግቢ ወጣ።»

ወይዘሮ ዘነቡ ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ በላይ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? ያንተ ቅሬታ ምንድነው? ተናገር፤ ሆድህ ውስጥ አታስቀር።»

ልዋሽ አሰብኩ። ወጥ ላይ ጨው አበዛች ልበል? ድምፅ ከፍ አደረገች ልበል? ቀና ስል ግን ምስማሩ ላይ ያለው ፎቶ አየኝ። ሁሉም ዓይኔን ተከትለው ቀና አሉ። እዚያ ሁላቸውም ፊት እጄ በራሱ ተነስቶ ወደ ግራጫው ነገር ጠቆመ።

«ያ እኔ ነኝ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አቶ በላይ መነጽራቸውን አውጥተው ፎቶውን ተጠግተው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እንደገና ጭጋጉን አዩት፤ «እውነትም፣ ኮቱ እሱ ነው» አሉ።

ፈለቀ ብድግ ብሎ ወጣ። ተቀየመ አልኩ። ልብ በሉ፣ ደስ አለኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ቀድሜው አስቀየምኩት አልኩ። እሱ ግን ተመልሶ መጣ፤ መዳፉ ላይ አንዲት ጥቁር ፕላስቲክ ይዟል። ሃምሳ።

«ያዝ» አለኝ። «የመጀመሪያ ካሜራዬ ካንተ ካሜራ ጋር አንድ ዘር ነበር። እሱ ሲበላሽ ይቺ ቀረች፤ ለአሁኑ አትገጥምም። ለራሰ በራው ወዳጅህ ልሰጠው አስቤ ነበር።»

አቶ በላይም እድሩን ሲመሩ በሚያወጡት ድምፅ ፈረዱ። «በል አሁን እዚሁ፣ ቤትህ ውስጥ፣ እኛ ፊት አንሳት። እርቁም በዚሁ ይጽና።»

ክፉ ፍርድ ነው። ባላንጣዬን ላሸንፍ በባላንጣዬ ዓይን ልይ? ግን ሽማግሌ ፊት እንቢ አይባልም። ትልቁን አውጥቼ ትንሿን ገጠምኳት። በቆምኩበት፣ አንድ እርምጃ ሳልሸሽ፣ አጸደ መጣች፤ ዓይኗ፣ ጉትቻዋ፣ የጸጉሯ ነጭ ዘለላ። ፈለቀ ያኔ ያየው ይሄንን ነው ማለት ነው።

«ሳቂ» አልኳት።

«ምን ያስቃል?»

አጸደ ፎቶ ሲባል መታወቂያ የምታወጣ ይመስል ትደርቃለች። ቀልድ ጀመርኩላት፤ ሳልጨርስ ጨረሰችልኝ። ሌላ ጀመርኩ፤ ይሄኛውን ወይዘሮ ዘነቡ ጨረሱልኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሌላውን ካሜራው ላይ ለጥፌ፣ ምን ልበላት እያልኩ ስጨነቅ፣ ከትከሻዬ በስተኋላ ፈለቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አላት።

ሳቀች። ራሷን ወደኋላ ጥላ፣ እጇን ወደ አፏ ልትወስድ አንስታ መንገድ ላይ ረስታው፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ተጫንኩት።

ፎቶው ታጥቦ መጣ። ከፈለቀው ይበልጣል። ይሄን እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ራሱ ፈለቀ ነው። ዛሬ ዋናው ምስማር ላይ ያለው የእኔ ሥራ ነው። የፈለቀውን አጸደ ልትጥለው አልፈለገችም፤ መኝታ ቤት፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ሰቀለችው። ስለዚህ ማታ ተኝቼ የማየው እሱን ነው፤ ድል አድርጌያለሁ ወይስ ተሸንፌያለሁ እያልኩ። ተካን ያሸነፈው ሌንስ ደግሞ ሥራ አግኝቷል፤ አጸደ የእርሾ ባልዲ ክዳን ላይ ትጭነዋለች። ክብደቱ ለዚያ በቂ ነው።

እንግዳ ይመጣል። ቀና ይላል። «ውይ አጸደ፣ ማን አነሳሽ?»

«ባሌ» ትላለች።

የተመኘሁት ይቺን ቃል ነበር፤ አገኘኋት። ነገር ግን እንግዳ እዚያ ላይ አያቆምም። ወደ እኔ ዞሮ «ምን ቢሏት ነው እንዲህ የሳቀችው?» ይለኛል። እኔም ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

ምክንያቱም አላውቅም። አልሰማሁትም። አጸደን ጠየቅኋት፤ «ተወው፣ ላንተ ቢነገርህ አትስቅም» አለችኝ። ፈለቀን በአጥሩ ላይ ጠየቅሁት። «ስለ ሌንሷ ምንም አላስከፈልኩህም። ስለ ቀልዱ ግን አንድ ማኪያቶ ትጋብዘኛለህ፤ ያን ጊዜ እነግርሃለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት፤ ጨበጥኩት።

ይሄው እስካሁን አልጋበዝኩትም። በንፍገት አይደለም። ቀልዱ እኔ ላይ ቢሆን ምንም አይደል፤ እኔ ላይ መቀለድ እኔም እወዳለሁ። የምፈራው ሌላ ነው። ማኪያቶውን ጠጥቶ፣ አረፋውን ከከንፈሩ ጠርጎ ይነግረኝና ቀልዱ የማያስቅ ቢሆንስ? የማያስቅ ከሆነ አጸደ የሳቀችው በምንድነው?

አንድ ማኪያቶ አለብኝ። ይኑርብኝ።